ለመከታተያ ራዳር ባለአራት ሆርን የሞኖፐልስ ፊድ አነዳደፍ

ዒላማ የሚከታተል ራዳር ከአሳሽ ራዳር የሚለየው፣ ዒላማው መኖሩን ብቻ ሳይሆን ከአንቴናው የዕይታ መስመር ምን ያህል ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እንደራቀ ያለማቋረጥ ማወቅ ስላለበት ነው። ይህ የማዕዘን መረጃ የሚገኘው በዲሹ የትኩረት ነጥብ ላይ በተቀመጠው ፊድ፣ ማለትም ምልክቱን ወደ ዲሹ በሚልከውና ከዲሹ በሚቀበለው ክፍል፣ ውስጥ ነው። ፊዱ ያበላሸውን ምልክት ከኋላው ያለው ተቀባይና ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ ሊያቃኑት ስለማይችሉ፣ የራዳሩ ትክክለኛነት በአብዛኛው የሚወሰነው በእነዚህ ጥቂት የብረት ቱቦዎች ቅርጽና ልኬት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የጨረራ ላቦራቶሪ የተነደፈው ኤስሲአር-584 ራዳር፣ ጨረሩን በዕይታ መስመሩ ዙሪያ እያሽከረከረ ተመላሹ ምልክት በዙሩ ውስጥ የት ላይ እንደሚጠነክርና የት ላይ እንደሚደክም በማነጻጸር ማዕዘኑን ያገኝ ነበር። የዚህ ዘዴ ድክመት፣ አውሮፕላኑ አቅጣጫውን በቀየረ ቁጥር ተመላሹ ምልክት ራሱ ስለሚዋዥቅ፣ ራዳሩ ይህን መዋዠቅ ከማዕዘን ስሕተት መለየት የሚቸግረው መሆኑ ነው። ሮበርት ፔጅ በአሜሪካ የባሕር ኃይል ምርምር ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያዳበሩት ሞኖፐልስ ግን በአንድ ፐልስ ውስጥ ብዙ ጨረሮችን በአንድ ጊዜ ያነጻጽራል፤ ምልክቱ ቢዋዥቅም በሁሉም ጨረሮች ላይ እኩል ስለሚዋዥቅ በንጽጽሩ ላይ ጉዳት አያደርስም። አርሲኤ የሠራው ኤኤን/ኤፍፒኤስ-16 ራዳር በሲ-ባንድ፣ 3.66 ሜትር ስፋት ባለው ዲሽና በአራት ሆርኖች (አፋቸው እየሰፋ በሚሄድ ቱቦዎች) ይህንን ዘዴ ተግባራዊ አድርጎ የሜርኩሪ የጠፈር መንኮራኩሮችን ተከታትሏል።

ከዚህ በታች የሚቀርበው አነዳደፍ በኤክስ-ባንድ በ9.375 ጊጋኸርዝ ለሚሠራ፣ 2.4 ሜትር ስፋት ባለው ዲሽ ለሚታገዝ ራዳር የሚሆን ነው። ስሌቶቹ ለሌላ ፍሪኩዌንሲም የሚሠሩ ሲሆን፣ ነዳፊው ርዝመቶቹን ሁሉ ከሞገዱ ርዝመት ጋር በተመጣጠነ መንገድ መለወጥ ይኖርበታል።

ቱቦውን መምረጥ

ለዚህ ፍሪኩዌንሲ የተለመደው ዌቭጋይድ (ሞገዱን የሚመራ የብረት ቱቦ) ደብሊውአር-90 ነው፤ የውስጥ ልኬቱ 22.86 በ10.16 ሚሊሜትር ነው። መሠረታዊው ሞድ (በቱቦው ውስጥ የመስኩ አደራደር)፣ ማለትም ቲኢ-10፣ ከ6.557 ጊጋኸርዝ በታች አያልፍም፤ ቀጣዩ ሞድ ቲኢ-20 ደግሞ ከ13.11 ጊጋኸርዝ በላይ ካልሆነ አይነሣም። ስለዚህ በ9.375 ጊጋኸርዝ በቱቦው ውስጥ የሚጓዘው አንድ ሞድ ብቻ ነው። በአየር ላይ የሞገዱ ርዝመት 32 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ በቱቦው ውስጥ ግን ወደ 44.75 ሚሊሜትር ይረዝማል። ከዚህ የሚገኘውን አንድ ቁጥር ነዳፊው ከሥራው ጠረጴዛ ፊት ጽፎ ሊለጥፈው ይገባል፦ አንድ ዲግሪ ፌዝ (ሞገዱ በዑደቱ ውስጥ ያለበት ቦታ) ማለት 0.124 ሚሊሜትር የቱቦ ርዝመት ማለት ነው።

የሆርኖቹ ስፋት

ጀማሪ ነዳፊ አራት የደብሊውአር-90 ቱቦዎችን ሁለት በሁለት ደርድሮ በዲሹ የትኩረት ነጥብ ላይ ፊት ለፊት ቢያስቀምጣቸው ሥራው የተጠናቀቀ ሊመስለው ይችላል። ይህ ለምን እንደማይሠራ ማስላት ጠቃሚ ነው። የዲሹ የትኩረት ርቀት ከስፋቱ ጋር ያለው ጥምርታ 0.5 ከሆነ፣ የዲሹ ጠርዝ ከትኩረቱ ሲታይ በ53 ዲግሪ ላይ ይገኛል። በሰፊው ጎን፣ ማለትም በአግድም፣ የሁለቱ ቱቦዎች መካከለኛ ነጥቦች ከግድግዳቸው ጋር 24 ሚሊሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ በዚህ ርቀት የድምር ጨረሩ (የአራቱ ቱቦዎች ምልክት ሲደመር የሚገኘው) ወደ 42 ዲግሪ ገደማ ላይ ባዶ ይሆናል። ባዶው ከዲሹ ጠርዝ ወደ ውስጥ ስለገባ፣ የዲሹ የውጭ ቀለበት የሚበራው በተገለበጠ ፌዝ ነው ማለት ነው፤ ያ የዲሹ ክፍል የመሃሉን ሥራ ያፈርሳል እንጂ አያግዝም። መፍትሔው ቱቦዎቹን ማጥበብ፣ በዳይኤሌክትሪክ (ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ቁስ) መሙላት፣ ወይም የዲሹን የእይታ ማዕዘን ማጥበብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ኃይልንና የፍሪኩዌንሲ ስፋትን ስለሚቀንሱ፣ በእኔ አስተያየት ሦስተኛው ማለትም የካሴግሬን አሠራር ይመረጣል።

በካሴግሬን አሠራር ፊዱ ከዲሹ ፊት ቀርቦ ይቀመጣል፤ ከፊቱ ያለው ሃይፐርቦላዊ ትንሽ አንጸባራቂ ምልክቱን ወደ ዲሹ ይመልሰዋል። ዲሹ 0.4 ጥምርታ ቢኖረው፣ ማለትም የትኩረት ርቀቱ 960 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ትንሹ አንጸባራቂ ማጉያውን 3.75 በማድረግ አቻ ጥምርታውን ወደ 1.5 ያደርሰዋል፤ ለዚህ የሃይፐርቦላው ኤክሰንትሪሲቲ 1.727 መሆን አለበት። የትንሹ አንጸባራቂ ስፋት አሥር የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም 320 ሚሊሜትር ቢሆን የሚጋርደው የዲሹን የገጽ ስፋት 1.8 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ጠርዙ ከፊዱ ሲታይ 18.9 ዲግሪ ላይ ይውላል፤ በመሃል መስመሩ ላይ ሲለካ ከፊዱ እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት 467 ሚሊሜትር፣ የፊዱ አፍ ደግሞ ከዲሹ መሃል 415 ሚሊሜትር ያህል ወደ ፊት ይሆናል።

አሁን ሆርኖቹን ማስላት ይቻላል። የኤሌክትሪክ መስኩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቢቆም፣ በከፍታ አቅጣጫ የአራቱ ሆርኖች አፍ እኩል የተሞላ ገጽ ይሆናል፤ የድምር ጨረሩ በትንሹ አንጸባራቂ ጠርዝ ላይ በ10 ዴሲቤል እንዲወርድ የጠቅላላው አፍ ቁመት 2.28 የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም 73 ሚሊሜትር ያህል መሆን አለበት። በአግድም አቅጣጫ እያንዳንዱ ሆርን በቲኢ-10 ሞድ ምክንያት በመሃሉ ጠንካራ፣ በጠርዙ ደካማ የሆነ መስክ ስላለው፣ ለተመሳሳይ ውጤት የሚያስፈልገው ጠቅላላ ስፋት 75 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በመሆኑም እያንዳንዱ ሆርን ወደ 36 በ37 ሚሊሜትር የሚጠጋ የውስጥ አፍ ይኖረዋል፤ በሆርኖቹ መካከል ያለው ግድግዳ ወደ አፉ እየሳሳ ቢሄድ መልካም ነው። ሆርኑ ከቱቦው ወደ አፉ የሚሰፋበት ርዝመት 80 ሚሊሜትር ቢሆን፣ በአፉ ላይ የሚፈጠረው የፌዝ ጉብታ ከአንድ ስምንተኛ የሞገድ ርዝመት በእጅጉ በታች ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ዲሽ ላይ ጨረሩ ወደ 0.93 ዲግሪ ስፋት፣ የአንቴናው የማጉላት አቅም (ጌይን) በ55 በመቶ ቅልጥፍና ወደ 44.8 ዴሲቤል ይሆናል።

በድምርና በልዩነት መካከል ያለው ቅራኔ

የሞኖፐልስ ፊድ ሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶችን በአንድ አፍ ማሟላት አለበት። የድምር ጨረሩ ዒላማውን ለማየትና ርቀቱን ለመለካት፣ የልዩነት ጨረሮቹ ደግሞ ማዕዘኑን ለመለካት ያገለግላሉ። ከላይ ያሰላነው አፍ ለድምሩ ተስማሚ ቢሆንም፣ የልዩነቱን ጨረር ብናሰላው ጫፉ በትክክል በትንሹ አንጸባራቂ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ እናገኘዋለን፤ በአግድም አቅጣጫ እንዲያውም ከጠርዙ ጥቂት አልፎ ይገኛል። ይህም ማለት የልዩነቱ ቻናል ጉልበት ብዙው ክፍል ከአንጸባራቂው ውጭ ይፈሳል፣ በጠርዙ ላይ ያለው ብርሃን ከፍተኛ በመሆኑም የጎን ጨረሮቹ ይገዝፋሉ።

ሆርኖቹን ማስፋት ችግሩን የሚፈታ ይመስላል፤ ቁጥሮቹ ግን እንዲህ አይሉም። ቁመቱን በ15 በመቶ ብናሳድግ የድምሩ ብርሃን በጠርዙ ከ10 ወደ 15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፤ የልዩነቱ ግን የሚወርደው በ0.2 ዴሲቤል ብቻ ነው። የልዩነቱ ጨረር በጠርዙ ላይ በ10 ዴሲቤል እንዲወርድ ከተፈለገ አፉ በትክክል በእጥፍ መስፋት አለበት፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ የድምሩ ጨረር የመጀመሪያ ባዶ ነጥብ ወደ አንጸባራቂው ውስጥ ይገባል። ፒተር ሃናን እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት ትንተና ይህን ቅራኔ በሚገባ አስቀምጠውታል፦ የድምርና የልዩነት አፎች ስፋታቸው የተለያየ መሆን አለበት፣ ይህም የሚገኘው ተጨማሪ ሆርኖችን በመደርደር ወይም በአንድ ሰፊ ሆርን ውስጥ ብዙ ሞዶችን በማስነሣት ነው። ኤኤን/ኤፍፒኪው-6 የተባለው 8.8 ሜትር ዲሽ ያለው የአሜሪካ ራዳር አምስት ሆርን የሚጠቀመው በዚህ ምክንያት ነው፤ መሃለኛው ሆርን ለድምሩ ብቻ ሲሆን፣ በዙሪያው ያሉት አራቱ ልዩነቶቹን ያመነጫሉ።

ነዳፊው ለመጀመሪያ ሥራው ባለአራት ሆርኑን እንዲመርጥ አጥብቄ እመክራለሁ። ባለብዙ ሞድ ፊድ በወረቀት ላይ የተሻለ ቢሆንም፣ በሞዶቹ መካከል ያለው ፌዝ ከፍሪኩዌንሲ ጋር ስለሚለዋወጥ ጥሩ የማስመሰያ ሶፍትዌርና በጣም ጥብቅ ማሽን ይፈልጋል። ባለአራት ሆርኑ በልዩነት ቻናል ላይ የተወሰነ ጉልበት ቢያጣም፣ ባሕርይው ቀድሞ የሚታወቅና በቀላሉ የሚለካ ነው።

ኮምፓሬተሩ

አራቱን ሆርኖች ከፊት ለፊት ስናያቸው ሀ በላይ ግራ፣ ለ በላይ ቀኝ፣ ሐ በታች ግራ፣ መ በታች ቀኝ ይሁኑ። ኮምፓሬተሩ፣ ማለትም የሆርኖቹን ምልክቶች የሚደምረውና የሚቀንሰው ክፍል፣ አራት ማጂክ ቲዎች (ሁለት ምልክቶችን ተቀብለው ድምራቸውንና ልዩነታቸውን የሚሰጡ ባለአራት ክንድ የቱቦ መገናኛዎች) አሉት። የመጀመሪያው ቲ ሀ እና ለን፣ ሁለተኛው ሐ እና መን ይቀበላል፤ እያንዳንዳቸው ድምርና ልዩነት ይሰጣሉ። ሦስተኛው ቲ ሁለቱን ድምሮች ተቀብሎ በአንድ ክንዱ የአራቱን ጠቅላላ ድምር፣ በሌላው ደግሞ የላይኛውን ጥንድ ከታችኛው የቀነሰውን፣ ማለትም የከፍታውን ስሕተት ይሰጣል። አራተኛው ቲ ሁለቱን ልዩነቶች ሲደምር የአግድሙ ስሕተት ይወጣል። በአራተኛው ቲ የሚቀረው አራተኛው ክንድ የሰያፍ ልዩነቱን የሚሰጥ ሲሆን፣ ለክትትል ስለማይውል ምልክቱን ውጦ በሚያስቀር ተስማሚ ጭነት መዘጋት አለበት፤ ክፍት ቢተው የሚንጸባረቀው ምልክት ወደ ሌሎቹ ቻናሎች ይመለሳል።

ማጂክ ቲ ራሱ እንደተሠራ አይስማማም፣ የገባውን ምልክት ከፊሉን ይመልሳል፤ በሁለቱ ክንዶች መገናኛ ላይ ምሰሶ፣ በኤሌክትሪኩ ክንድ ላይ ደግሞ አይሪስ (ቱቦውን በከፊል የሚያጠብ ስስ ብረት) ተደርጎለት መስማማት አለበት። የቆመ ሞገድ ጥምርታው (የነጸብራቁ መጠን መለኪያ) በሁሉም በሮች ከ1.2 በታች እስኪሆን ድረስ በማስመሰያ ሶፍትዌር ላይ የምሰሶውን ውፍረትና ቁመት መቀያየር ይቻላል። በድምሩና በልዩነቱ ክንዶች መካከል ያለው መነጠል (ምልክት ከአንዱ ወደ ሌላው አለመፍሰሱ) የሚመጣው ከቲው ሚዛናዊ ቅርጽ ስለሆነ፣ ምሰሶው ከመሃል በትንሹ ቢወጣም እንኳ መነጠሉ ወዲያውኑ ይጎዳል።

ስሕተቶች የሚወለዱበት ቦታ

ከኮምፓሬተሩ በፊት ያለና ከኮምፓሬተሩ በኋላ ያለ ስሕተት እኩል አይደሉም፤ ይህን ልዩነት የማያውቅ ነዳፊ ጥረቱን በማይጠቅም ቦታ ያባክናል። ከኮምፓሬተሩ በፊት በሁለት ክንዶች መካከል የአምፕሊቲዩድ (የምልክት ጥንካሬ) ልዩነት ካለ፣ የዕይታ መስመሩ ከቦታው ይሸሻል። በግራና በቀኝ ጥንዶች መካከል የ0.5 ዴሲቤል ልዩነት ቢኖር፣ በተለመደው የልዩነት ተዳፋት (የልዩነቱ ምልክት ከማዕዘኑ ጋር የሚያድግበት መጠን) የዕይታ መስመሩ በጨረሩ ስፋት 0.018 ያህል፣ በዚህ ዲሽ ደግሞ በ0.29 ሚሊራዲያን ይሸሻል፤ በ50 ኪሎሜትር ርቀት ላይ ይህ ወደ 15 ሜትር ይጠጋል። ያለው የፌዝ ልዩነት ብቻ ከሆነ ግን የዕይታ መስመሩ አይሸሽም፤ የልዩነቱ ባዶ ነጥብ ይሞላል። የ5 ዲግሪ ፌዝ ስሕተት የባዶውን ጥልቀት ከድምሩ በታች በ27 ዴሲቤል ሲገድበው፣ የ2 ዲግሪ ስሕተት በ35 ዴሲቤል ይገድበዋል።

ከኮምፓሬተሩ በኋላ፣ በድምሩና በልዩነቱ መስመሮች መካከል የሚፈጠር የፌዝ ልዩነት ብቻውን ቢሆን የሚቀንሰው ተዳፋቱን ነው። ከኮምፓሬተሩ በፊት የፌዝ ስሕተት ካለ ግን ሁለቱ ይባዛሉ፤ በፊት 5 ዲግሪ፣ በኋላ 20 ዲግሪ ቢኖር የዕይታ መስመሩ በጨረሩ ስፋት ወደ 0.01 ይሸሻል። በኋላ ያለውን በፌዝ ማስተካከያ ማረም ይቻላል፤ በፊት ያለውን ግን በማስተካከያ ከማረም ይልቅ ከመጀመሪያው በትክክል መሥራት ይሻላል።

ከሆርኑ እስከ ኮምፓሬተሩ ያሉት ክንዶች በተቻለ መጠን አጭር መሆን ያለባቸውም ለዚህ ነው። የርዝመት ልዩነቱን ከ0.25 ሚሊሜትር በታች ማድረግ በሲኤንሲ ማሽን አስቸጋሪ አይደለም፤ የሚያሳስበው የቱቦው ስፋት ነው። ሰፊው ጎን በ0.05 ሚሊሜትር ብቻ ቢለወጥ፣ በ300 ሚሊሜትር ክንድ ላይ ወደ 5 ዲግሪ የሚጠጋ የፌዝ ልዩነት ይፈጠራል፤ ይህ በዓይን የማይታይ፣ በተራ መለኪያም የሚያመልጥ ስሕተት ነው። ክንዶቹን ወደ 60 ሚሊሜትር ብናሳጥራቸው ግን ይኸው የስፋት ስሕተት ወደ አንድ ዲግሪ ይወርዳል።

የማምረቻ ዘዴው ከዚሁ ይከተላል። የደብሊውአር-90 መደበኛ አራት ማዕዘን ፍላንጅ (የቱቦ ማጋጠሚያ) በእያንዳንዱ ጎኑ 41 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የሆርኖቻችን መሃሎች ደግሞ የሚራራቁት በ37 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ፍላንጆቹ ጎን ለጎን አይገቡም። ስለዚህ ሆርኖቹንና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቲዎች ከአንድ የአሉሚኒየም ጥፍጥፍ በሚሊንግ ማሽን ቆርጦ ማውጣት ይሻላል። ጥፍጥፉ ለሁለት የሚከፈልበት መስመር በሰፊው ግድግዳ መሃል ላይ ርዝመቱን ተከትሎ መሄድ አለበት፤ በቲኢ-10 ሞድ በዚያ መስመር ላይ ጎን ለጎን የሚያቋርጥ ጅረት ስለሌለ፣ ሁለቱ ግማሾች ፍጹም ባይገጥሙም ምልክቱ አይፈስም። ሁለቱ ግማሾች እንዳይንሸራተቱ የሚይዙ ፒኖች ከብሎኖቹ ይልቅ ወሳኝ ናቸው።

ኃይልና ግፊት

በባሕር ወለል ላይ በደረቅ አየር የተሞላ ደብሊውአር-90 በንድፈ ሐሳብ ወደ 1 ሜጋዋት የሚጠጋ ጫፍ ኃይል ይሸከማል፤ በሥራ ላይ ግን የዚህን ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በታች ማሰብ ይገባል፤ በማጂክ ቲው ውስጥ ያለው ምሰሶ መስኩን በጫፉ ላይ ስለሚያጠናክር ብልጭታ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በምሰሶው ላይ ሹል ጠርዝ እንዳይቀር ማክበብ ያስፈልጋል። ራዳሩ በደጋ ላይ የሚቆም ከሆነ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል፦ እንደ አዲስ አበባ ባለ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚወርድ፣ ቱቦው የሚሸከመው ኃይል ከግማሽ ጥቂት ወደሚበልጥ ይቀንሳል። በዚህ ሁኔታ ፊዱን በስስ የዳይኤሌክትሪክ መስኮት ዘግቶ በግፊት ደረቅ አየር መሙላት ግዴታ ነው።

መለካት

የመለኪያ ሥራ ከትንሹ ወደ ትልቁ መሄድ አለበት። መጀመሪያ እያንዳንዱ ማጂክ ቲ በተስተካከለ ኔትወርክ አናላይዘር ለብቻው ይለካ፤ በሁለቱ ጎን ክንዶቹ መካከል ያለው ሚዛን በ0.2 ዴሲቤል ውስጥ፣ መነጠሉም ከ35 ዴሲቤል በላይ ካልሆነ ወደ መገጣጠም መሄድ ጊዜ ማባከን ነው። ከዚያ ሙሉው ኮምፓሬተር በድምር በሩ በኩል ምልክት ተሰጥቶት በአራቱ መውጫዎች ላይ አምፕሊቲዩድና ፌዝ ይመዘገባሉ፤ ይኸው በሁለቱም የልዩነት በሮች ይደገማል፣ በልዩነቶቹም ላይ የፌዝ መገለባበጡ ትክክል መሆኑ ይረጋገጣል። ይህ መለኪያ በጠቅላላው የፍሪኩዌንሲ ስፋት ላይ መደረግ አለበት፤ በመሃለኛው ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚያምር ኮምፓሬተር በጠርዞቹ ላይ ሲበላሽ ማግኘት የተለመደ ነው።

ቀጥሎ ፊዱ ለብቻው፣ ያለ ዲሽ፣ በማሚቶ አልባ ክፍል ውስጥ የጨረሮቹ ቅርጽ ይለካ፤ በ18.9 ዲግሪ ላይ የድምሩ መውረድ ወደ 10 ዴሲቤል መቅረቡ፣ የልዩነቶቹ ባዶም መሃል ላይ መዋሉ ይታያል። በመጨረሻ ፊዱ በዲሹ ላይ ተሰክቶ በመለኪያ ማማ ላይ ካለ አስተላላፊ ጋር ይሞከራል። ማማው ከ360 ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ መቆም የለበትም፤ ከዚያ ቀርቦ የሚለካ ባዶ ነጥብ የሩቅ መስኩን አያሳይም። ፊዱ ከመሃል መስመሩ በ1 ሚሊሜትር ቢርቅ ጨረሩ በ0.28 ሚሊራዲያን ያህል ስለሚዞር፣ የፊዱ ማሰሪያ በሁለቱም አቅጣጫ በጥሩ ብሎኖች መስተካከል የሚችል ይሁን።

የባዶው ጥልቀት ከ30 ዴሲቤል ካነሰ ወይም ቦታው ከመሃል ከወጣ፣ ማስተካከያ ከመንካት በፊት ፍሪኩዌንሲውን በ50 ሜጋኸርዝ እርምጃ እየቀያየሩ ባዶውን መከታተል ይገባል። ባዶው በየእርምጃው ወዲያና ወዲህ የሚዋልል ከሆነ ምክንያቱ በኮምፓሬተሩ ውስጥ የሚመላለስ ነጸብራቅ ነው፤ ቲዎቹን፣ መገጣጠሚያዎቹንና የአራተኛውን ክንድ ጭነት እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ባዶው በሁሉም ፍሪኩዌንሲ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ከመሃል የራቀ ከሆነ ፊዱ ወይም ትንሹ አንጸባራቂ ከመስመሩ ወጥቷል፣ በማሰሪያ ብሎኖቹ ይስተካከላል። ባዶው በመሃል ቆሞ ጥልቀቱ ብቻ ካነሰ ደግሞ ከሆርኖቹ እስከ ኮምፓሬተሩ ያለው የፌዝ ልዩነት መመርመር አለበት፤ በዚህ ጊዜ ጥፍጥፉን ፈትቶ የአራቱን ክንዶች ስፋት በማይክሮሜትር መለካት፣ ከኋላ በፌዝ ማስተካከያ ከመደባበቅ ይቀድማል።